ኮሶ፣ ፈንጣጣ፣ ጨውና ጫማ፦ ጤና የማን ሥራ ነው?

ሁለት ሰዎች ሲገናኙ «ጤና ይስጥልኝ» ይባባላሉ። በዚህ ሰላምታ ውስጥ ጤና የሚሰጥ ነገር ነው፤ ሰጪውም ፈጣሪ ነው። ሰው ታሞ ሕክምና ሲሄድ ግን ንግግሩ ይለወጣል። ግፊት ያለባቸው አዛውንት «ጨው ይቀንሱ አልተባሉም ነበር?» ይባላሉ። ልጇ በተቅማጥ የተያዘባት እናት «እጅሽን በሳሙና አትታጠቢም?» ትባላለች። እግሩ ያበጠ ገበሬ «ለምን ጫማ አታደርግም?» ይባላል። ከፈጣሪ ሲለመን የነበረው ጤና በአንድ ጊዜ የበሽተኛው የግል ጥፋት ሆኖ ያርፋል።

በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ሁሉንም ነገር ወደ መንግሥት ይወረውራሉ። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፣ መድኃኒቱ ጠፍቷል፣ ሐኪሙ ተሰዷል፤ ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ሰው «መረጠ» ሲባል ከምን መካከል ነው የመረጠው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የኢትዮጵያ የጤና ታሪክ በቂ ነው። ስለ ትልልቅ ሆስፒታሎች ማውራት እንኳ አያስፈልግም። አንድ መራራ አበባ፣ አንድ የጠፋ በሽታ፣ ጨውና ጫማ ይበቃሉ።

1. ኮሶ

ኮሶ በደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ ይፈጫል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱ ምሳሌ እስከ መሆን ደርሷል፤ የከፋ ነገር የገጠመው ሰው «እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል። ሥራው በጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ረጅም የሆድ ትል ማስወጣት ነው። በሽታውና መድኃኒቱ ከመላመዳቸው የተነሳ ትሉ ራሱ በመድኃኒቱ ስም ተጠርቶ «የኮሶ ትል» ሆነ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች ሰዉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጣ ጽፈዋል። ትልቁም ትንሹም፣ ባላባቱም አሽከሩም ይጠጣ ነበር። ኮሶ የሚጠጣበት ቀን የዕረፍት ቀን ነው፤ ሥራ አይሠራም፣ እንግዳ አይቀበሉም። የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ደረቁን አበባ ከዚህ ያስመጡት ነበር። ኮሶ መሸጥ ግን የድሃ ሴት ሥራ ተደርጎ ይታይ ስለነበር የዳግማዊ ቴዎድሮስ ጠላቶች ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር በሰፊው ይተረካል። አገሩ በሙሉ የሚጠጣውን መድኃኒት የምታቀርበው ሴት ክብር አልነበራትም።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ታሪኩ ቀላል ነው። ሕዝቡ ጥሬ ሥጋ ይወዳል፣ ትሉ ይይዘዋል፣ ኮሶ ይጠጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ጥሬ ሥጋውን ይበላል። ጥፋቱ የምላሱ ነው። ሳይንሱ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ትሉ በሥጋው ውስጥ በራሱ አይፈጠርም። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ ከሣሩ ጋር ይቀላቀላሉ። በሬው ሣሩን ይግጣል፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ በበሬው ጡንቻ ውስጥ ውኃ ያዘለች ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ያንን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሰው ሆድ ውስጥ ደግሞ ትሉ ያድጋል። ስለዚህ ቁርጥ የሚበላው ሰው የሚታመመው በራሱ ምርጫ ብቻ አይደለም። ከእሱ በፊት የማያውቀው ሰው ሜዳ ላይ ተጸዳድቷል፣ ሥጋውንም ማንም አልመረመረውም።

ይህ ሰንሰለት የሚበጠስባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሥጋውን አብስሎ መብላት ነው፤ ይህ በግለሰቡ እጅ ነው። ሁለተኛው መጸዳጃ ቤት ነው፤ ይህ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው በቄራ ሥጋውን እየቆረጠ የሚያይ መርማሪ ነው፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። ለዓውደ ዓመት ቅርጫ ገብቶ በሬ በግቢ የሚጥል ሰው ሦስተኛውን በር ራሱ ይዘጋዋል። ሥጋው ርካሽና የሚታመን ይመስለዋል፣ ነገር ግን ያየው ባለሙያ የለም። ኮሶ በበኩሉ የሆድን ትል ያወጣል እንጂ የሜዳውን እንቁላል አይነካም። ለዚህ ነው ሕዝብ ለዘመናት በየሁለት ወሩ መራራውን እየጠጣ ከትሉ ያልተገላገለው። ትጋት አላነሰውም። የጎደለው አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ክፍል ነበር።

2. ፈንጣጣ

«ክትባት» የሚለው ቃል ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የመጣ ይመስላል። ሥሩ ግን ከ«ክታብ» ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም «ከተበ» ከሚለው ግሥ የመጡ ናቸው። ነገሩም ከዘመናዊው ሕክምና በፊት ነበረ። ፈንጣጣ ሲገባ በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል መግል ተወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በተበጣ ቆዳ ይቀባ ነበር። የተከተበው ሰው ይታመማል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ቀለል ያለ ሕመም ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይደግመውም። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። በ1880ዎቹ በክፉ ቀን ረሀቡን ተከትሎ ፈንጣጣና ኮሌራ አገሩን ሲያጠፉ ይህን የሚያውቅ አባት ልጆቹን ማስከተቡ ብልህነት ነበር።

ነገር ግን በዚህ መንገድ የተከተበ ሰው የሚይዘው እውነተኛ ፈንጣጣ ነው። እሱ ይድናል፣ ጎረቤቱን ግን ሊያስይዝ ይችላል። የአንዱ ቤተሰብ መከላከያ ለሌላው ቤተሰብ የበሽታ መነሻ ይሆናል። ከላም ፈንጣጣ ጋር ከሚዛመድ ቫይረስ የሚሠራው ዘመናዊ ክትባት የተለየ የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የተከተበው ሰው ፈንጣጣን ለሌላ አያስተላልፍም።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከዓለም የማጥፋት ዘመቻውን በኢትዮጵያ የጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። አገሩ ተራራና ሸለቆ ነው፣ መንገድ የለም፤ አብዛኛው ሕዝብ መኪና ከሚደርስበት ቦታ ርቆ ይኖራል። ሠራተኞቹ ጥቂት ስለነበሩ አገሩን በሙሉ መከተብ አይታሰብም። የተመረጠው ዘዴ በሽታው ያለበትን ቤት ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ መከተብ ነበር። ሠራተኞቹ የታማሚ ፎቶግራፍ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ሄዱ። በ1966 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም ሥራው አልቆመም።

ከመንገዱ ይልቅ የከበደው ሰውን ማሳመን ነበር። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀላሉ ነበር፤ ከመቶ ታማሚ የሚሞተው አንድ ገደማ ነው። በተለይ በሰሜኑ ደጋ ብዙ ሰው ከመንግሥት መርፌ ይልቅ የአካባቢውን ከታቢ ያምን ነበር። ይህን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን ከታቢው የታወቀ የአገር ሰው ነው፣ አባትንም አያትንም ከትቧል፣ የሠራው ሥራም ታይቷል። ከከተማ የመጣው ሰው ግን ከዚያ በፊት ወደ መንደሩ የመጣው ግብር ለመጠየቅ ነበር። ሰው የሚያምነውን መረጠ። ምርጫው ለራሱ ምክንያታዊ ነበር፣ ለአገሩ ግን የበሽታው ዕድሜ ማራዘሚያ ነበር።

ዘመቻው ያሸነፈው ሰዉን በመስደብ አልነበረም። ደጋግሞ በመመለስ፣ የአካባቢ ሽማግሌዎችን በማነጋገር፣ ሰው የሚያውቀውን የአገር ልጅ በመላክ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በተባለ መንደር ነው። በ1970 ዓ.ም. በጎረቤት ሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተላለፈው የመጨረሻው ፈንጣጣ ታየ። በ1972 ዓ.ም. ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ። ዛሬ በኢትዮጵያ ማንም ሰው ፈንጣጣን ለመከላከል ምንም ነገር መምረጥ አያስፈልገውም። ጥያቄው ራሱ ጠፍቷል።

3. ጨው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። በችግር ላይ ችግር ሲደረብ የሚባል ነው። እንቅርት ለተረት የበቃው በየመንደሩ የሚታይ ስለነበር ነው። በደጋው ዝናብ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑን ይዞት ይሄዳል፤ በዚያ አፈር ላይ የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። አዮዲን ያጣ ሰው አንገቱ ላይ እንቅርት ያበቅላል። የባሰው ጉዳት ግን አይታይም፤ አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮው በደንብ ሳያድግ ሊቀር ይችላል።

መድኃኒቱ እጅግ ርካሽ ነው። ጨው ላይ ትንሽ አዮዲን መጨመር ብቻ ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በፊት ወደ ኢትዮጵያ ይገባ የነበረው ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ወደቦች የሚመጣና አዮዲን የተጨመረበት ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። አገሩ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረ። ያ ጨው በባህላዊ መንገድ የሚመረት ስለነበር አዮዲን የሚጨምርበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ልጅ እናት ምን ስህተት ሠራች? ከሱቅ ጨው ገዛች። ጨው ጨው ነው፤ አዮዲን ይኑረው አይኑረው በመልክም በጣዕምም አይለይም። የትኛውም ምክር፣ የትኛውም ጥንቃቄ ያንን ልጅ ሊያድነው አይችልም ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. 2011 ለሰው ምግብ የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 89 ደረሱ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሊዮኖች ማዕድ ተለወጠ። ማንም ቤት ለቤት ሄዶ አልመከረም፣ ማንም ባህሉን አልቀየረም። የተለወጠው ጨው የሚዘጋጅበት ቦታ ነው። የሕዝብ ጤና ሥራ ሲሳካ እንዲህ ነው፤ አይታይም፣ ስለዚህም አይመሰገንም።

4. ጫማ

አራተኛው ታሪክ ገና አላለቀም። በኢትዮጵያ ደጋ ሰው እግሩ ከሥሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ እያበጠ፣ ቆዳው እየሻከረ የሚሄድበት በሽታ አለ። ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል። በሌላ አገር ዝሆኔ በብዛት የሚመጣው በትንኝ በሚተላለፍ ትል ነው፤ በደጋው ግን ያ ትል የለም። በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መንስኤውን ተከታትሎ አፈሩ ላይ ደረሰ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው፣ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳው ዘልቀው የእግሩን የሊምፍ ቱቦዎች ይጎዳሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማና የእግር ንጽሕና ሙሉ በሙሉ ሊከላከሉት ይችላሉ። ፕራይስ እንዳስተዋለው በሰሜን አፍሪካ አገሮች ሰው ጫማ ማድረግ ሲጀምር በሽታው በራሱ ጊዜ ጠፍቷል።

በአገር ቤት ግን በሽታው እርግማን ነው፣ ወይም ከዘር የሚወረስ ነው ይባል ነበር። የታመመ ሰው ካለበት ቤት ልጅ አያገቡም፣ ልጅም አይሰጡም። ስለ ዘሩ የተባለው ባዶ ወሬ አልነበረም፤ በኋላ የተደረገ የዘረመል ጥናት ለዚህ አፈር የበለጠ የሚጋለጡ ቤተሰቦች እንዳሉ አረጋግጧል። ሕዝቡ ያየውን በትክክል አይቷል። ስህተቱ ከዚያ ተነስቶ የደረሰበት ፍርድ ነበር፤ ከጫማ ይልቅ መገለልን አዘዘ።

እንግዲህ «ጫማ አድርግ» የሚለው ምክር ትክክል ነው። አንድ ገበሬ ይህን ምክር ሲሰማ ምን ይገጥመዋል? አንድ ጥንድ ጫማ ካለው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለለቅሶ ያስቀምጠዋል። ሲያርስ ያወልቀዋል፤ በጭቃ ውስጥ ጫማው ይከብዳል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ አፈሩ እግሩን የሚያገኘው ጫማው ቤት በተቀመጠበት ሰዓት ነው። እግሩ ማበጥ ከጀመረ ደግሞ በገበያ ያለው ኮንጎም ሆነ ሸራ ጫማ አይገባለትም። እግሩን በየቀኑ በሳሙና እንዲታጠብ ይነገረዋል፤ ውኃውን የምትቀዳው ሚስቱ ወይም ልጁ ከሩቅ ምንጭ ተሸክማ ትመጣለች።

ይህ ቸልተኝነት የሚመስል ነገር ዋጋው ከባድ ነው። በወላይታ ዞን የተደረገ ጥናት አንድ ታማሚ በዓመት ካለው የሥራ ቀን 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ ዞኑ በጠቅላላው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር አሳይቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የታማሚው ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ተገምቷል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስጠፋ በሽታ መከላከያው ጫማ ነው። ጫማው ለገበሬው ኪስ ውድ ነው፤ ለአገሩ ግን ርካሽ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናትም ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ከሥልጠና ጋር ሲሰጥ የታማሚዎቹ ድንገተኛ የሕመም ጊዜያት እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ምክሩ ያው የድሮው ምክር ነው። ልዩነቱ ሳሙናውና ጫማው አብረውት መምጣታቸው ነው።

5. ምክርና ዕቃ የተገናኙበት ዘመን

ምክርን ከአገልግሎት ጋር ለማገናኘት በኢትዮጵያ የተደረገው ትልቁ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አስረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ የመንግሥት ደመወዝ እየተከፈላቸው ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። በጤና ኬላው ይከትባሉ፣ የቤተሰብ ዕቅድ ይሰጣሉ፣ ለወባ የአጎበር አጠቃቀም ያስተምራሉ፤ ቀሪውን ጊዜ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ምድጃ ይነጋገራሉ። አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። የፈንጣጣው ዘመቻ በችግር የተማረውን፣ ሰው የሚያውቀውን ሰው መላክን፣ ይህ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ይዞት ተነሳ።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያደርጉት ክትትል መሠረት ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ 92 ነበር፤ በ2015 ወደ 29 ወረደ። ለዚህ ሁሉ ምስጋናው የፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ተሠርቷል፣ ትምህርት ተስፋፍቷል፣ የክትባት ዕርዳታ መጥቷል። ያለ እነዚያ ሴቶች እግር ግን ክትባቱ ከወረዳ አይወጣም ነበር።

ድክመቱም መነገር አለበት። ዘመቻው ሲጋጋል ለሪፖርት ብቻ የተቆፈሩ፣ ጣሪያና በር የሌላቸው፣ ማንም የማይገባባቸው መጸዳጃ ቤቶች በየቦታው ነበሩ። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ከጤና ውጭ ላለ የመንግሥት ጉዳይም ስለዋለ ብዙ ሰው በጥርጣሬ ያየው ነበር። ስለ ሕፃን ክትባት ለማውራት የመጣችን ሴት «ምን ልታይ ነው የመጣችው?» ብሎ የሚጠራጠር ቤት ምክሯን አይሰማም። የሕዝብ ጤና ሥራ የቆመው በአመኔታ ላይ ነው፤ አመኔታ ደግሞ ለሌላ ዓላማ ሲወጣ ያልቃል።

6. ከዚህ ወዲያ

የዛሬው በሽታ መልኩን እየቀየረ ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ በሽታና ካንሰር በከተማ ብቻ አልቀሩም። ከእነሱ ጋር የድሮው ክርክር ተመልሷል፤ «ሰዉ ራሱ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አይንቀሳቀስም» ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሲጋራውን የሚለኩሰው ሰው ነው፤ ክኒኑን የሚያቋርጠውም ሰው ነው። የሐኪም ምክር ሰምቶ የሚተው ሰው ለራሱም ለቤተሰቡም ተጠያቂ ነው። ቅርጫ የገባ ሰው ሥጋውን አብስሎ መብላት ይችላል፤ ለዚህ የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልገውም።

ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ሲከለክል፣ የቢራ ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያወጣ፣ የማንንም ፈቃድ አልነጠቀም። የሚጠጣ ዛሬም ይጠጣል። የተለወጠው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ዜና ሲያዩ የሚያዩት ነገር ነው፤ የተለወጠው አስተናጋጇ የሌላ ሰው ጭስ እየሳበች እንጀራዋን እንዳትበላ መደረጉ ነው። እሷ ጭሱን መርጣ አታውቅም ነበር።

አራቱ ታሪኮች ስለ ጥፋተኝነት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም፤ ድርሻው በየበሽታው ይለያያል። በኮሶ ሦስት እጆች እኩል ያስፈልጋሉ። በፈንጣጣ ለራስ የሚበጀው ሌላውን ሊጎዳ ይችል ስለነበር የጋራ ሥራ ግድ ሆነ። በጨው ግለሰቡ ምንም ድርሻ አልነበረውም። በጫማ ፈቃዱ የገበሬው ነው፣ አቅሙ ግን ከእሱ በላይ ነው። ስለዚህ «ለምን አላደረግክም?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ ማድረግ ይችል ነበር ወይ? ቢያደርገውስ ብቻውን ይበቃው ነበር ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየውን መውቀስ ተገቢ ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ግን ወቀሳው ወደ ቄራው፣ ወደ ጨው ማምረቻው፣ ወደ ውኃው መስመርና ወደ በጀቱ መሄድ አለበት። ይህን ሳይጠይቅ በሽተኛውን የሚገሥጽ ሐኪም፣ ባለሥልጣን ወይም ጎረቤት ለማንም መድኃኒት አልሰጠም፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ጨመረ እንጂ።